ትናንት ምን በላችሁ?

ኢተፋ ጠዋት ጠዋት የግቢያችን በር ላይ ቆሞ በስቴኪኒ ጥርሱን ይጎረጉራል። ቁርስ የበላ ሰው ለመምሰል ነው። የእሱንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ፣ ከማዶ ድስት ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ሳይንኳኳ ሲቀርም እሰማለሁ። አንድ ቀን ምን ተሰንቅሮብህ ነው ብለው ፈገግ ብሎ ሥጋ ነዋ አለኝ። ሁዳዴ መሆኑን ረስቶታል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከመቂ አዳማ በአይሱዙ ሽንኩርት ሲያመላልስ፣ በግቢያችን ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አልነበረም። ማታ ሲገባ በየበራችን አንድ አንድ ፌስታል ጣል አድርጎ ያልፋል፤ እግዜር ይስጥልን እስክንለው እንኳ አይቆምም። ነዳጅ ሲወደድ የመኪናዋ ባለቤት ሸጣት። ከዚያ ወዲህ ኢተፋ ሸሚዙን ተኩሶ ሥራ ፍለጋ ደላሎቹ ዘንድ ይውልና ባዶ እጁን ይመለሳል። ሚስቱ ዘርፉ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር፤ አሁን ግን ያሳጥቡ የነበሩትም ኑሮ ከብዷቸው ራሳቸው ማጠብ ጀምረዋል።

ጭንቁ ልጃቸው ሌንሳ ናት። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ጥር ላይ ጤና ጣቢያ በዚያች ባለ ቀለም ጥብጣብ ክንዷን ሲለኳት ቢጫው ላይ አረፈ። አረንጓዴ ከሆነ ልጁ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ሐኪም ቤት ነው፤ ቢጫ መሀል ላይ ነው። ቢጫ ልጅ ላለበት ቤት አንድ ድርጅት በየወሩ ዱቄትና ዘይት ይሰጣል፤ መጀመሪያ ግን ቤቱ ምግብ እንዳነሰው ተጠይቆ መታወቅ አለበት። ጠያቂዋ ሃዊ የምትባል ልጅ ናት። ስልኳን ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች የጤፉን የዘይቱን ዋጋ ትጠይቃለች፣ ቤተሰቡ ትናንት ምን እንደበላ ትጠይቃለች፣ የተባለችውን ትሞላለች።

ባለፈው ዙር የመለሰላት ኢተፋ ነው። ቁርስ እንቁላል ፍርፍር፣ ምሳ ምስር፣ እራት ሥጋ በድንች። በግድግዳው ስሰማ እኔ ራሴ ምራቄን ዋጥኩ። እንዲህ ያለ ምግብ ቤት አዳማ ላይ ቢከፈት ወረፋው አስፋልት ይደርስ ነበር። ሃዊም የነገራትን ሞላች፤ ቤቱ ጠግቦ አዳሪ ነው ተባለና ዱቄቱ ቀረ።

አሁን ደግሞ የመጨረሻው ዙር መጣ። ዘርፉ ከእኔ ጋር ተማከረች፤ ኢተፋ ከቤት ዘወር ቢልላት እውነቱን እሷ ትናገራለች። ዘወር የማድረጉን ሥራ ባሌ ዲበኩሉ ተረከበ፤ መናኸሪያው ጋ ሹፌር የሚፈልግ ሰው አለ ብሎ ይዞት ወጣ። ዲበኩሉ ውሸት አይሆንለትም፤ ገና ሳይጀምር ጆሮው ይቀላል። ብዙም ሳይርቁ ኢተፋ ነቃበትና ተመለሰ። ሃዊ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከዘርፉ ጋር አካም ጅርቱ ተባብለው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ገባ።

ሃዊ ስትጠይቅ በግድግዳው እሰማለሁ። ዘርፉ አፏን ስትከፍት ኢተፋ ቀደማት፤ ያ የፈረደበት እንቁላል እንደገና ተጠበሰ። ሃዊ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ሌንሳስ ምን በላች ብላ ለብቻ ጠየቀችው።

«እስኪ እግሯን እዪው» አላት። «ይሄ የረሃብ እግር ነው? ጉንጯስ?»

እውነትም ሌንሳ ከሰሞኑ ሞላ ሞላ ብላ ነበር። እኔም አይቼ ተመስገን ብያለሁ። ከዚያ ኢተፋ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንግዳዋ ምሳ ሳትበላ ከቤቴ አትወጣም፣ አቅርቢላት አለ ለዘርፉ።

እዚህ ላይ የግቢያችንን ልማድ ልንገራችሁ። እንግዳ መጥቶ መሶብ ባዶ ሲሆን፣ ሴቲቱ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ ወደ ጎረቤት ትመጣለች። ጎረቤት ያላትን ታደርግላታለች፤ ነገሩ አይወራም። እኔም ብሆን አማቶቼ ፊት በሙያዬ የተመሰገንኩት በሰው ወጥ ነው። እምቢ የተባለች ሴት ግን በግቢያችን ታይታ አትታወቅም።

ዘርፉ በጓሮ መጣች። መሶቤን ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ በላይነሽ፣ እባክዎ እምቢ ይበሉኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሱ እንዲሰማ አድርገው።»

መሶቡ ውስጥ እንጀራ አለ፣ ሽሮውም ምድጃው ላይ ነው። ብሰጣት የቤቷ ገመና ይሸፈናል፣ ሌንሳ ግን ከዱቄቱ ትቀራለች። ብከለክላት ያን የሽንኩርት ፌስታል በራችን ላይ ጥሎ ያልፍ የነበረውን ሰው እንግዳ ፊት ራቁቱን ማቆሜ ነው። እኔ ለቀልድ እንጂ ለእንዲህ ያለው አልተፈጠርኩም። ዘርፉ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«የለኝም፣ ዘርፉ» አልኩ ግድግዳው እንዲሰማ አድርጌ። «ዛሬስ ከእኔም ቤት የለም።»

ከማዶ የኢተፋ ወሬ ተቋረጠ።

ዘርፉ ሳህኗን ይዛ ቤቷ ገባች። እኔም አላስችል ብሎኝ ተከተልኳት። ባዶውን ሳህን እንግዳዋ ፊት አስቀመጠችው።

«ትናንት እኔና እሱ ምንም አልበላንም» አለች። «ለልጅቱ ዳቦ በሻይ ነክሬ ሰጠኋት። ከዚያ በፊትም እንደዚያው ነው።»

ኢተፋ ሌንሳን እንደታቀፈ ሳህኑን ያያል።

ሃዊ ስልኳን አስቀምጣ ልጅቷን ተቀበለችው። እግሯን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ቆየችና ለቀቀች። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ሌላኛውንም ሞከረች፤ ያም ጎድጉዶ ቀረ። ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው አለችን፤ ሰውነት ምግብ አጥቶ ሲብስበት የሚመጣ ነው። ስማቸውን አሁን ብታስገባም ዱቄቱ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ወር የምትጠብቅ አይደለችም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ አለች።

«ወፈረች ብዬ እኮ ነው» አለ ኢተፋ። ለማን እንዳለው አላውቅም። ደገመው። ደላሎቹ ዘንድ ሳይቀር ይዟት እየሄደ ሲያሳይ የሰነበተው ያንን እግር ነው።

ባጃጅ አስቆምኩላቸው። ባዶ ሆዳቸውን ሆስፒታል ሲውሉ ታየኝና ተመልሼ ሮጥኩ፤ እንጀራውን በሽሮ ጠቅልዬ ዘርፉ ጭን ላይ አኖርኩላት። ሌንሳ አባቷ እቅፍ ውስጥ ዓይኗን ከፍታ ዝም ብላለች። ማልቀስ ነበረባት፤ አታለቅስም።

ኢተፋ ጥቅሉን አየ፣ እኔን አየ።

«አለሽ ለካ» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት።

ሌላ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። የልጅቷን እግር በሸሚዙ ጫፍ ሸፈነና ለባለ ባጃጁ «ንዳው» አለው።