ዘበኞቹ ባክቴሪያዎች

የስጋ ፋብሪካው የላብራቶሪ ባለሙያ የተጠመደችው በገዛ የጥናት ወረቀቷ ነው። ወተት የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች በስሎና ተቆራርጦ ታሽጎ፣ ሳይሞቅ በሚበላው ስጋ ላይም በተፈጥሮ ይገኛሉ። ዓመት ሙሉ ደክማ፣ እነዚህ አንድ ጎጂ ባክቴሪያ በስጋው ላይ እንደልቡ እንዳይራባ እንደሚያፍኑት አሳየች። የፋብሪካው ባለቤት የእህቷ ባል ነው፤ ወረቀቷን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ሰቀለው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉም «ዘበኞቻችን» እያለ ያወራል። ዘበኛ ቀጠርኩ ብሎ በሩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው አይጠፋም። ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል ስትለው እንኳ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ዛሬ ጠዋት ባደረገችው ምርመራ በታሸገው ስጋ ውስጥ ጎጂው ባክቴሪያ ተገኘ። ጤነኛውን ሰው ምናልባት በሆድ ቁርጠት ይለቀው ይሆናል፤ እርጉዝ ካገኘ ግን ፅንስ ይቀጥፋል። ዘበኞቹ ያዘገዩታል እንጂ የገባውን አይጨርሱትም፣ ሙቀት ሲያገኝም ያመልጣቸዋል ብላ ነገረችው። እሱ ግን መኪናዎቹ ተጭነው ቆመዋል አለና «ለሽያጭ ይውጣ» የሚለውን ቅጽ ዘረጋላት፤ የራስሽ ወረቀት ይመስክር አላት። አልፈርምም ማለት ቀላል ነበር፣ ሌላ መግቢያ ቢኖራት። ደመወዟ ከእሱ፣ ማደሪያዋም ከእሱ ጓዳ ነው። ታላቅ እህቷ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ በዚህ ሰዓት ቤቷን ማን ይበጠብጣል?

«በማን ላይ ቆመሽ እግዜርን ታሚያለሽ» አላት እየሳቀ። ፈራችው፤ መፍራቷም አበሸቃት።

ቤት ውስጥ ምሳ ላይ ቅጹን ከነእስክሪብቶው ከሳህኗ አጠገብ አኖረላት። እህቷ ስለተገኘው ባክቴሪያ ምንም አልሰማችም። ከፋብሪካው የመጣውን ስጋ በሹካ አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ባለሙያዋ «ተዪው» ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት። የሚስቱን እጅ ያዘ፣ ሹካውን ተቀበለ፣ ሳህኑንም ከፊቷ አነሳ።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«ላንቺ አይሆንም።»

ባለሙያዋ እስክሪብቶውን አነሳች። ቅጹንም ወደራሷ ሳበች።

«ሳህኑን መልስላትና ልፈርም፣ ጋሼ።»

እህቷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ባሏን አየችው። እሱ ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ።