ኑኃሚንና ማህተሙ

አቶ ሀብተሥላሴ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ጨርሰው ጡረታ ወጡ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ቤት መዋሉ አልሆነላቸውም። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ኑኃሚን አፀደ ሕፃናት ለመግባት ቀዩን ከቀይ፣ ክቡን ከክብ ጋር እያደረገች መለየት ይጠበቅባታል ሲባል ሰሙ። እናቷ ሶሲ መጫወቻ ልግዛላት ብትል አሻፈረኝ አሉ።

«የመለየቱን ነገር ለእኔ ተይው» አሏት።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች የለስላሳ ቆርኪ ለቅመው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀቡና ሦስት የጫማ ካርቶን ደረደሩ። እስከዚህ ድረስ ማንም አያት የሚያደርገው ነው። እሳቸው ግን «ያለ ደብዳቤ አንድም ቆርኪ ከቦታው አይነሳም» የሚል መመሪያ ጨመሩበት። ኑኃሚን ማንበብ ስለማትችል ማህተሙን ብቻ እንድታይ ተፈቀደላት፤ ማህተሙንም ከድንች ቀረጹላት። በሁለተኛው ሳምንት ሶሲ የፀጉር ማስያዣዋን ከልጇ ለማስመለስ ማመልከቻ ጻፈች።

የፈተናው ዕለት ሦስቱም ሜክሲኮ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄዱ። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱ ካመለጣት ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ከአያቷ ጋር ልትውል ነው፤ ሶሲን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነበር።

መምህርት አሚራ የእንጨት ቅርጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ለይተሽ ሣጥኑ ውስጥ ክተቺልኝ።»

ኑኃሚን እጇን አጣጠፈች። «ደብዳቤ ይዘዋል?»

ሶሲ አባቷን አየች። አባቷ ጣሪያውን አዩ። አሚራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንድ መስመር ጻፈችላት። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ «ማህተም የለውም» አለች። ማህተሙ ከርዕሰ መምህሯ ቢሮ መጣ። ያኔ ኑኃሚን ሁሉንም በቀለም በቀለሙ፣ በቅርጽ በቅርጹ ለይታ ከተተች፤ ሣጥኑን ዘጋችና ላዩ ላይ ጉብ አለች።

«ጎበዝ። አሁን ልየው።»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ይመለሱ።»

«ካላየሁ እኮ ልቀበልሽ አልችልም» አለች አሚራ፣ ወደ ሰዓቷ እያየች።

«ነገ።»

ይህን እንኳ አላስተማሯትም፤ ሲጫወቱ ከአፋቸው የወደቀውን ለቅማ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ አፈሩ። በዚያች የመዝገብ ቤት መስኮት በኩል ስንቱን ሰው «ነገ ይመለሱ» እያሉ እንደመለሱት ታወቃቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሱፋቸውን ሰብስበው ልጅቷ ፊት ተንበረከኩ።

«የኔ እመቤት፣ ዛሬን ይተባበሩን። ተመላልሰን አንችለውም።»

ኑኃሚን ጎንበስ ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ጉልበትህን አያምህም?»

«ያመኛል።»

«እንግዲያው ተነሳ» አለችና ከሣጥኑ ወርዳ ክዳኑን ከፈተችላቸው።

አሚራ አንድ በአንድ አይታ የልጅቷን ስም መዝገቡ ላይ አሰፈረች። ሶሲ አባቷን ደግፋ ለማንሳት ብትሞክር እሳቸው ገና አልተነሱም። ያን ሁሉ ዘመን በመስኮቱ ፊት ከቆሙት ሰዎች አንዱን እንኳ «ጉልበትዎን አያምዎትም?» ብለው ጠይቀው አያውቁም ነበር።