ጭልፋና የሻይ ማንኪያ

"ጋሼ ጭልፋ፣ ግማሽዎን የት ጥለውት መጡ?" አለች ሰሃን አጣቢዋ።

"ሆስፒታል አስቀሩት። መልሱልኝ ብላቸው እሺ አላሉም።"

ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዋናው ምግብ አብሳይ ከሦስት ወር የሕመም ፈቃድ በኋላ ሽርጡን እያሰረ ነው፤ ድሮ ከኋላ አልደርስ ይል የነበረው ማሰሪያ ዛሬ ወገቡን ሁለቴ ዞሮ ተርፏል።

ጭልፋ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አራት መቶ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያበላ የየድስቱን ጨው የሚያውቀው በምላሱ ነው፤ ያውም በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ሙሉ። ለቅምሻ ብቻ የአንድ ሰው ምሳ ይበላል፣ ከዚያ የራሱን ምሳ ያስከትላል። በኋላ ስኳሩም ግፊቱም ተከታትለው መጡ፣ ጉልበቱ ደረጃ መውጣት እምቢ አለ፤ ሐኪሞቹም አብዛኛውን ጨጓራውን ቆርጠው አወጡለት። የቀረችው የሙዝ ያህል ብትሆን ነው።

ጠዋት ሚስቱ ምሳውን በትንሽ ዕቃ አድርጋ፣ የሻይ ማንኪያ ጨምራ ሰጥታዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀስ ብለህ አላምጥ፣ እየበላህ ውኃ አትጠጣ። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።"

"ምነው፣ ሕፃን አደረግሽኝሳ?"

"ሕፃንማ ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል።"

እሱን የጨነቀው ግን ምሳው አልነበረም። የመመገቢያ ክፍሉ ኃላፊ፣ "ዛሬ እንይዎትና፣ መቅመስ ካልቻሉ ግምጃ ቤት እንመድብዎታለን" ብሎታል። ከድስት ተለይቶ ጆንያ ሲቆጥር መዋል! እንዲህ ከሚሆን ባልቀነስኩ ይሻለኝ ነበር እስከማለት ደርሷል።

ጭልፋውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ሾርባውን ቀመሰ፣ ጥሩ ነው። ወደ ሩዙ አለፈ። ሦስተኛው ድስት ጋ ሲደርስ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት መሰለው፣ ላብ አጠመቀው። በጓሮ በር ሮጦ ወጥቶ የዋጠውን ሁሉ መለሰው።

ቀና ሲል ምክትሉ ወንበር ይዛ ቆማለች። ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ስትሠራ ድምጿ ከድስት ክዳን ያነሰ ሴት ናት።

"ኃላፊው አየኝ?"

"አላየዎትም። ትንሽ ይረፉ።"

"ሁለት ድስት ይቀረኛል፣ ምን ዕረፍት አለ!"

ተመልሶ ገባ። መቅመስ ስለፈራ በግምት ሊጨርስ አስቦ፣ አንድ እፍኝ ጨው ዘግኖ እጁን አራተኛው ድስት ላይ ሰነዘረ። ምክትሉ እጁን ያዘችው።

"ጨምሬበታለሁ፣ ጋሼ።"

"ማን ቅመሺ አለሽ?"

"ሦስቱን ወር ማን የቀመሰው መሰለዎት?" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ ድሮም ጨው ያበዙ ነበር።"

"ዘጠኝ ዓመት ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

"ጠይቀውኝ ያውቃሉ?"

መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ በመጨረሻ እፍኙን ሲያየው ሳቁ መጣ። አራት መቶ ሰው በውኃ ሽሚያ ሊያባላ ነበር እኮ። ጨዉን ወደ ማስቀመጫው መለሰው።

ኃላፊው በዚያው ቅጽበት ገባ። "እህ፣ ጋሼ? ቅምሻው እንዴት ሆነ?"

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። ጭልፋውን ለምክትሉ ሰጣትና የሚስቱን የሻይ ማንኪያ ከምሳ ዕቃው አወጣ።

"በጭልፋ መቅመስ አልቻልኩም። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ቀድማ ትቀምሳለች፣ እኔ በዚህች እከተላለሁ። ካልተስማማዎት ግምጃ ቤቱን ያሳዩኝ።"

ጫፏን ድስቱ ውስጥ ነክሮ ምላሱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቀውን ጠየቀ። "ጨው በቅቶታል?"

"በቅቶታል" አለች ምክትሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ እስከ ሰሃን ማጠቢያው ድረስ ተሰማ።

ኃላፊው ራሱ ቀመሰ፤ ደገመ። "ግምጃ ቤቱ ሰው አይፈልግም" ብሎ ወጣ።

ሠራተኛው በልቶ ሲበተን ጋሼ ጭልፋ ምሳውን ከፈተ። አንዷን ማንኪያ ሃያ ጊዜ እያላመጠ አምስት ጎረሰ። ስድስተኛዋን ሞልቶ አነሳት፤ ጣፋጭ ነበረች፣ የአፉ በር ላይ ደርሳለች።

ጠግቧል። ማንኪያዋን ወደ ዕቃው መለሰና እንደ ሕፃን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።