የፍዮሪ አነዳድ

ተወልደ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጦ የሌለ ነዳጅ መስጫ ይረግጣል። ከካዛንቺስ ከተነሡ ጀምሮ ቀኝ እግሩ አላረፈም። ልጁ ፍዮሪ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከፊቷ ካለው መኪና ሚኒባስ የሚያስገባ ክፍተት ትታ ትነዳለች። ክፍተቱን ያየ ሁሉ ይገባበታል፤ በገባባት ቁጥር እንደገና ወደኋላ ቀረት ትላለች።

«ፍዮሪ፣ በዚህ አካሄድ እኮ እንቁላሉም ይቀድመናል» አላት።

«ይቅደመና፣ አቦይ» አለች ፈገግ ብላ።

ተወልደ ሠላሳ ዓመት በዚህች ከተማ ታክሲ ነድቷል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ ሹልክ ሲል ያዩት ባልደረቦቹ «ጀት» ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሰው ሲቀድመው ደሙ ይፈላል፤ ብድሩን ሳይመልስ አይረጋም። አንድም ሰው ገጭቶ ስለማያውቅ ግን ንዴቱን ሁሉ ችሎታ ይለው ነበር። ዘንድሮ የስኳር ሕመሙ ቀኝ እግሩን ሲያደነዝዘው ሐኪሙ መንዳት ከለከለውና ቤቱን ያቆመችው ኮሮላ ያለ ሹፌር ቀረች።

ፍዮሪ ትሠራበት የነበረው ቢሮ ከተዘጋ ስድስት ወሩ ነው። መንጃ ፈቃድ አውጥታ «እኔ ልሥራባት» ብትለው ሳቀባት። አዲስ አበባ ለዓይን አፋር መንገድ አትለቅም ባይ ነው። ይኸውና ዛሬ መኪናዋን ጎተራ ለሚጠብቀው ገዢ ሊያስረክብ ይሄዳል፤ እሱ መንዳት ስለማይችል ደግሞ እንጀራዬ ትሆናለች ያለቻትን መኪና ራሷ ፍዮሪ እየነዳች ትወስድለታለች። አንዲት የቅሬታ ቃል አልተነፈሰችም።

ኡራኤል አካባቢ ሲደርሱ አንድ ነጭ መኪና ከጎን ተወርውሮ ፊታቸው ድቅን አለ። ፍዮሪ ፍሬን ያዘች። ሹፌሩ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሂጂ ወጥሽን ሥሪ!» ብሏት ሄደ።

«ተከተዪው! ዝም ትይዋለሽ?» ተወልደ ተንገበገበ።

«ምን ላድርገው? ቸኩሏል፣ በቃ።»

ተወልደ እጆቿን አየ። አይንቀጠቀጡም። የፈራ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሆን ስንት ጀማሪ ሲያስለምድ አይቷል፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ስም አጣለት።

ትንሽ እንደሄዱ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ዳር ይዞ ተሳፋሪ ያወርዳል። በግራው በኩል መንገዱ ወለል ብሏል።

«አሁን! እለፊው! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ፍዮሪ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ከአውቶብሱ አፍንጫ ሳትደርስም ጭራሽ ቆመች። ከኋላ ክላክሱ ተንጫጫ። ተወልደ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ ከአውቶብሱ ፊት የስፖንጅ ፍራሽ በራሱ የተሸከመ ሰው ብቅ አለ። ፍራሹ ጎብጦ ዓይኑን ጋርዶታል። ሰውየው ግራ ቀኝ ሳይል በኮሮላዋ ፊት ተሻገረ፤ ከሞት ጋር እንደተላለፈ ሳያውቅ መንገዱን ቀጠለ።

ተወልደ ፍራሹን በዓይኑ እየተከተለ ጠየቃት። «እንዴት አየሽው?»

«እሱንማ አላየሁትም። እግሩን ነው ያየሁት፤ በአውቶብሱ ሥር። አውቶብስ ቆሞ ሳይ ሁልጊዜ ከሥሩ እግር አያለሁ።»

ተወልደ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት የቆመ አውቶብስ እንዳለፈ ሊያስብ ሞከረ፤ አቃተው። የአንዱንም ሥር አላየም። ያልገጫቸው ሰዎች ሁሉ ምናልባት አንድ እርምጃ የዘገዩ ሰዎች ነበሩ። ዞሮ ልጁን ተመለከታት፤ ከኋላ የሚወርድባትን ስድብ ከቁብ ሳትቆጥር መስተዋቷን አይታ ቀስ ብላ ተነሣች። ኮራባት፤ እስከ ዛሬ በራሱ ኮርቶ የማያውቀውን ያህል ኮራባት። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰችው አላወቀም፤ ከእሱ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የጎተራው ገዢ ነው።

«አቶ ተወልደ፣ የት ደረሱ?»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አልመጣም። መኪናዋ አትሸጥም።»

ፍዮሪ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗን ግን ከመንገዱ አላነሣችም። «እና ወዴት ልንዳ፣ አቦይ?» አለች፣ ድምፅዋ ሰለል ብሎ።

«ወደፈለግሽው።»

ከፊታቸው ሌላ አውቶብስ ዳር ይዞ ቆሟል። ተወልደ ቀበቶው እስከፈቀደለት ድረስ ጎንበስ ብሎ፣ ከሥሩ እግር ይፈልግ ጀመር።