አንድ ሺህ ዘጠኝ ወንበር

አዳራሹን ለሃያ ዓመት ሲያሰናዳ የኖረው እሱ ነው፤ ስሙ ተረስቶ «ጋሽ መደዳ» የተባለውም በዚሁ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ቦታ ሲከፈት ግን ሥራ አስኪያጁ፣ ያ ጋሽ መደዳ ስድስተኛ ክፍል ሲወድቅ አፉን ሞልቶ የሳቀበት አብሮ አደጉ፣ «መጀመሪያ አንተ ትሞክራለህ፤ ካቃተህ ፅዳት ሠራተኛዋ ትሞክራለች» ብሎ ፈረደ። ከመጥረጊያ ጋር አወዳደረው!

ፈተናው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አዲስ አንድ ሺህ ዘጠኝ ወንበር መጥቷል። «መደዳዎቹ እኩል ይሁኑ። ትርፍ ወንበር እንዳላይ፤ ከአዳራሽም አንድ እንዳይወጣ» አለና ሄደ።

ጋሽ መደዳ እጅጌውን ሰብስቦ በየመደዳው ሃያ አራት ደረደረ። አንድ ተረፈ። አፍርሶ በሃያ ስምንት አደረገው። አሁንም አንዷ እንደ እንጀራ ልጅ ዳር ቆማ ታየዋለች። ወገቡ ሲዝልበት ካርቶን ቀዶ በእስክሪብቶ ማካፈል ያዘ። በሃያ አንድ፤ አንድ። በአሥራ ስድስት፤ አንድ።

«አንቺ፣ ከኋላዬ እየመጣሽ ወንበር ትጨምሪብኛለሽ?» አላት ፅዳቷን።

«ወይ ጋሼ! ከየት አምጥቼ? ወንበር ይወልዳል እንዴ?»

ቢጨንቀው ሒሳብ ለምታስተምረው የእህቱ ልጅ ደወለ።

«አጎቴ፣ ይሄ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል አያካፍለውም» አለችው። «ወይ ሁሉንም በአንድ መደዳ ደርድር፣ ወይ ተወው።»

«ይሄን የሚያህል ቁጥር? አንድ ሺህ ስምንትን እኮ ሁለትም ሦስትም ሰባትም እንደ ዳቦ ይቆርሱታል!»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ታዲያ አንዲት ወንበር ብትጨመር ያ ሁሉ በር በምን ተዘጋ?»

«እንዲሁ ነው፣ አጎቴ። ተፈጥሮው ነው።»

ተፈጥሮው! አዳራሹን በዐይኑ ለካው፤ አንድ መደዳ ቢዘረጋ ግድግዳውን በስቶ መንገድ ይሻገራል።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ከእሱ ጋር ናት። «ጌታዬ፣ አይቻልም። ቁጥሩ ራሱ እምቢ ብሏል።»

«ቁጥር እምቢ አይልም፤ ሰው ነው የሚያቅተው። በይ አንቺ።»

ፅዳቷ በሃያ ስምንት የተደረደረውን አልነካችም። ትርፏን ወንበር ጎትታ በሩ ሥር አስጠጋችና ቁጭ አለችባት።

«ይቺስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይቺማ የበር ጠባቂ ናት። ሰው ቆሞ ይዋል እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይኸውላችሁ ጭንቅላት!» ብሎ የአዳራሹን ቁልፍ ጉልበቷ ላይ ጣለላት።

«ግን እኮ እሷም ከሺህ ዘጠኙ ናት!» አለ ጋሽ መደዳ፣ ካርቶኑን እያርገበገበ። «ከአዳራሽ አልወጣች፣ መደዳ አልገባች። ታዲያ የት ሄደች?»

«አንተ ድሮም ነገር ታወሳስባለህ» ብሎት ወጣ።

«ጋሼ፣ አረፍ በል እንጂ፣ ደክሞሃል» አለችው አዲሷ ኃላፊ ከተቀመጠችበት፣ አንጀቷን በልቷት።

አንድ ሺህ ስምንት ባዶ ወንበር ፊቱ ተደርድሮ፣ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው።