የሸጋዬ ናሙና

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ትመራለች። አክታ የሚመረመርበት፣ የተበከለውን አየር ስቦ የሚያጣራው ካቢኔት ከተበላሸ ወዲህ አንድም ናሙና እዚያ እንዳይከፈት ከልክላ፣ ሁሉንም ወደ ባሕር ዳር ትልክ ነበር። ኋላ በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ።

ገብረሰንበት የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ሸጋዬን ይዘው ከፈረስ ቤት የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ልጅቱ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ስትውጥ ከርማ፣ ጭራሽ ብሶባት ደም ትተፋለች። ከመክሳቷ የተነሳ የለበሰችው ነጠላ እንኳ የከበዳት ትመስላለች።

"መንገዱ እስኪከፈት ቢታገሡ ነው የሚሻለው፣ አባቴ" አለቻቸው ያምሮት።

"እኔስ እጠብቅ ነበር" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "እሷ ትጠብቀኛለች ወይ?"

ያምሮት የልጅቱን አክታ በዕቃ ተቀበለች። የሥራ ባልደረባዋ መሐሪ ሁኔታዋን አይቶ፣ "እኔ ልክፈተው" አላት።

"አንተ ልጆች አሉህ። ውጣና በሩን ዝጋው። ምንም ብትሰማ እንዳትገባ።"

ጭምብሏን አጥብቃ፣ መስኮቱን ከፍታ ሥራዋን ጀመረች። ለምርመራ የሚበቃውን ወስዳ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። የቀረውን ልትከድን ስትል ዕቃው ከእጇ አመለጠና አክታው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ቶሎ ወጥቶ በሩን መዝጋት፣ አየሩ እስኪጠራ መቆየት፣ ከዚያ በረኪና ይዞ መመለስ ነው። ለመውጣት ስትጣደፍ ግን አዳለጣትና የጠረጴዛው ጠርዝ ግንባሯን መታት።

ዓይኗን ስትገልጥ መሐሪ ተሸክሟት ወደ ግቢው እየሮጠ ነው። ጭምብል አላደረገም።

"አትግባ አላልኩህም?"

"ስትወድቂ ሰምቼ ጭምብል ልፈልግ ኖሯል?" ብሎ ሳቀ።

ሸጋዬን የያዛት መድኃኒት የተላመደ የሳምባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ሌላ መድኃኒት ተጀመረላትና ሳሏ ቀነሰ፣ እህል መቅመስ ጀመረች። ገብረሰንበት ደስታውን መቻል ቢያቅታቸው የሁለቱን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ መሐሪ በግድ ቀና አደረጋቸው።

ክረምቱ ሲገባ መሐሪ ማሳል ጀመረ። "ብርድ ነው" ይላል። ያምሮት አክታህን ስጠኝ ብትለው ዛሬ ነገ ሲላት ቆይቶ፣ ልብሱ ሲሰፋው ጊዜ ራሱ አመጣላት። ካቢኔቱ ያን ጊዜ ተጠግኗል። ራሷ መረመረችው። ውጤቱን ይዛ ስትወጣ ፊቷን አይቶ ገባው።

"እንደ ልጅቱ ነው፣ አይደል?"

ያምሮት የውጤቱን ወረቀት ሰጠችው።

መሐሪ መድኃኒቱን ጀመረ፤ ጉበቱ ግን አልቻለውም። ባሕር ዳር ሄዶ እንዲታከም ቢወሰንም መንገዱ ዳግም ተዘግቶ ስለነበር፣ በጥቅምት እዚያው ፍኖተ ሰላም አረፈ።

ለቅሶ ቤት ያምሮት ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲወቅሳት ጠበቀች፤ ማንም ምንም አላላትም። በኋላ የመሐሪ ሚስት ቻይነሽ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

"አንቺስ ተመርምረሻል? ደኅና ነሽ?"

"ደኅና ነኝ" አለች ያምሮት። ደኅና በመሆኗ እንዲህ አፍራ አታውቅም።