የፊተኛው ወንበር

ልቡናህ በጥበብ ፍቅር የበራ፣ ጆሮህም በዜማ ጣዕም የሠለጠነ አንባቢ ሆይ፤ ሰው ብቻውን በሚያዜምበት ጊዜ የሚጠነቀቀው ለገዛ ነፍሱ ሲሆን፣ ከብዙኃን ጋር ተባብሮ በሚያዜምበት ጊዜ ግን የባልንጀራውን እስትንፋስ እንደ ራሱ እስትንፋስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታልና፣ ከሁለቱ ጸጋዎች የትኛው እንደሚከብድ በአርምሞ ብትመረምር፣ ድምፅ ማሰማትን ከሚያስተምር መምህር ይልቅ በጊዜው ዝም ማለትንና በጊዜው መስማትን የሚያስተምር መምህር የበለጠ ድካም እንዳለበት ትረዳለህ።

ይህን ድካም ተሸክመው የኖሩ፣ ቁመናቸው ቀጥ ያለ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ መምህር እንግዳሸት የሚባሉ ሰው በአዲስ አበባ ነበሩ። በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቼሎ ክፍል አለቃ ሆነው፣ ያን በጉልበት መካከል ቆሞ በደጋን የሚገረፈውን፣ ድምፁም የጎልማሳን ሰው ድምፅ የሚመስለውን ታላቅ መሣሪያ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ጧት ጧት ደግሞ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኝ አንዲት ትምህርት ቤት ለኦርኬስትራ ሙያ የታጩ አሥራ ሁለት ወጣቶችን ያሠለጥኑ ነበር። ሥልጠናቸው ጽኑ፣ ተግሣጻቸውም የማያዳላ ነበርና፣ ተራው እስኪደርስ በዝምታ የሚጠብቅ ተማሪ የዜማውን ምት ሲቆጥር ከንፈሩ ቢንቀሳቀስ ያስቆሙት፣ ደጋኑንም ከጎረቤቱ ደጋን አንዲት ጣት አስበልጦ ቢስብ ከመጀመሪያው ያስጀምሩት ነበር።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የቴሌግራፍ ሠራተኛው የአቶ ወንድይራድ ልጅ አስካለ፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ መንገደኛ ጉዳዩን ረስቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ እስኪቀር ድረስ ትጫወት ነበር፤ ነገር ግን በኅብረት ልምምድ ጊዜ ድምፅዋ የሌሎቹን ድምፅ እየሸፈነ፣ ፍጥነቷም የሁሉን ፍጥነት እየጎተተ ስላስቸገረ፣ መምህሩ ከፊት አንሥተው ለአንድ ዓመት በመጨረሻው ረድፍ እንድትቀመጥ ወሰኑ። እርሷ ቼሎዋን አቅፋ ቃል ሳትመልስ ወደ ኋላ ሄደች። አባትየው ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ።

«መምህር፣ ልጄ ያጠፋችው ነገር ካለ ይንገሩኝና እኔ ልቅጣት» አሉ።

«አላጠፋችም፣ አቶ ወንድይራድ። ብቻዋን ስትጫወት እኔም ራሴ እቀናባታለሁ። እንጀራዋ ግን ከስድሳ ሰው ጋር የሚቆረስ ነውና፣ አብሮ መቁረስን ትማር» ሲሉ መለሱላቸው።

ይህን በፈገግታ ተናገሩት እንጂ፣ «እቀናባታለሁ» ያሉት ቃል እንግዳው ከሄዱ በኋላ በሕሊናቸው ሲመላለስ ዋለ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ፣ ልጅቷን ከኋላ ረድፍ ባዩ ቁጥር፣ «ወደዚያ የገፋኋት ለእርሷ ብዬ ነውን፣ ወይስ ለራሴ?» እያሉ ነፍሳቸውን ይጠይቁ ነበር።

ዓመቱ በተፈጸመ ጊዜ፣ ከመምህሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው ወደ አሥመራ ስለ ተዛወረ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ሆነ። የኦርኬስትራው መሪ ሙሴ ሃጎፕ፣ በአራዳ ተወልደው ያደጉ፣ ጆሯቸው የማይሸነገል አርመን፣ አራት ተወዳዳሪዎችን ጠሩና ልብን ጭምር ለመመዘን ሲሉ እያንዳንዱ በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ከመላው ኦርኬስትራ ጋር እንዲጫወት አዘዙ፤ መምህር እንግዳሸትም ለጊዜው ወንበራቸውን ለቀው ከየተፈታኙ አጠገብ ተጫወቱ። ሦስቱ ያለ ነቀፋ ጨረሱ። የአስካለ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን፣ ቼሎው ረጅሙን ዜማ ፈጽሞ ለክላርኔት በሚያስረክብበት ስፍራ፣ አረጋዊው ክላርኔት ነፊ ትንፋሽ አጥሯቸው በሰዓቱ ሳይገቡ ቀሩ። ኖታው እርሷ በዚያ እንድታቆም ያዛል፤ ብታቆም ኖሮ ጥፋቱ የእርሷ ባልሆነ፣ የሽማግሌው ኀፍረት ግን በአዳራሹ ሁሉ በተገለጠ ነበር። እርሷም አላቆመችም፤ የመጨረሻይቱን ድምፅ ሳትቆርጥ እያቀጠነች፣ እያለሰለሰች ያዘቻት፤ ሌሎቹም ደጋኗን አይተው አብረዋት ጠበቁ፤ ሽማግሌውም ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሲገቡ፣ ዜማውን የማያውቅ ሁሉ ከጥንቱ እንዲያ የተደረሰ መሰለው።

ሙሴ ሃጎፕ ፍጻሜው ላይ በትራቸውን አኑረው፣ «እንደሚዘገዩ በምን አወቅሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ከኋላ ወንበር ሁሉም ይሰማል፣ ሙሴ» አለች አስካለ። «ዓመቱን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስሰማ ነው የከረምኩት። ዛሬ የእርሳቸው ሲያጥር ሰማሁት።»

በዚህ ጊዜ በመምህር እንግዳሸት ልብ ውስጥ ዓመት የሞላው ክርክር ጸጥ አለ፤ በዚያ ስፍራ እርሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ኖታው ባዘዘው ላይ ያቆሙ እንደ ነበረ ዐወቁ፤ ማወቃቸውም ቅናትን ሳይሆን፣ ወልዶ ያሳደገ ሰው የሚሰማውን ኩራት ወለደላቸው።

«ሙሴ ሃጎፕ፣ ክፍት የሆነው ሁለተኛው ወንበር ነው፣ አይደል?» አሉ ተነሥተው።

«እንዴታ።»

«እንግዲያውስ ለእርሱ የማመለክተው እኔ ነኝ። እርሷ ከተቀመጠችበት አትነሣ።»

አስካለ ደንግጣ ከወንበሩ ብድግ አለች። «የኔታ፣ እርስዎ እያሉ አይሆንም።»

«ወደ ኋላ ስሰድሽ ‹ለምን?› አላልሽኝም፤ ወደ ፊት ሳስቀምጥሽም አትበይኝ» አሏት፤ ሙሴ ሃጎፕም ሁለቱን በአንክሮ ከተመለከቱ በኋላ ስሟን በቼሎ ክፍሉ ዝርዝር በፊተኛው መስመር ላይ ጻፉ።

በግንቦት ወር በተደረገው ታላቅ ትርኢት፣ አቶ ወንድይራድ ከነቤተሰባቸው በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ሲመለከቱ፣ በሁለተኛው ወንበር የሚቀመጥ ሰው ልማድ እንደ መሆኑ፣ መምህር እንግዳሸት በልጅቷ ፊት የተዘረጋውን ኖታ በየገጹ ይገልጡላት ነበር። በዕረፍቱ ጊዜ አንድ እንግዳ ከመድረኩ ሥር ቆሞ፣ «ገጽ የሚገልጡላት አዛውንት ማን ናቸው?» ብሎ ባልንጀራውን ሲጠይቅ መምህሩ ሰሙት፤ ባልንጀራውም አላወቃቸውም፤ እርሳቸው ግን በሃያ ሁለቱ ዓመት ጭብጨባ ቀና ካሉት ይልቅ በዚያች ሰዓት ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ከደቀ መዝሙሩ ዝቅ ብሎ በደስታ የተቀመጠ መምህር ከዚያ በላይ የሚወጣበት መዓርግ የለምና።